ሞንታርቦው ከበራፍ ይነሳ ወይስ ጎረቤት ይቻለው?

ጥያቄውን ያነሳው (ማራኪ)፦
የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው። ግቢያችን ከጓሮ በኩል ተከራይ ሞልቶበታል። የፊት ለፊቱን ክፍል ደግሞ አከራያችን ለግሮሰሪ ሰጥቶታል። ግሮሰሪው ሲመሽ ሞንታርቦውን፣ ያን ትልቅ ድምፅ ማጉያ፣ በራፍ ላይ ያወጣል። የሚዘጋው ደንበኛ ሲያልቅለት ነው። እኛ ጋ የዘፈኑ ግጥም አይደርስም፣ የሚደርሰው ወፍራሙ ድምፅ፣ ቤዙ ነው። ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። ቁም ሳጥኑ ላይ የተደረደሩት ብርጭቆዎች እየተነካኩ ይንጫረራሉ። ታናሽ እህቴ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት፤ ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ ከታ ታጠናለች።

እንዲህ ያለ ንግድ ከመኖሪያ ሰፈር ይውጣ የሚሉ አሉ። እኔ አልልም። ሰው እንጀራው ነው። ግን ሰዓትና ልክ ይኑረው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ግሮሰሪ ያለው (አራዳ)፦
ወንድም ዓለም፣ ችግርህ ይገባኛል። የእኛንም ስማ። ኪራይ አለ፣ ግብር አለ፣ የሠራተኛ ደሞዝ አለ። ሙዚቃ የሌለው ቤት ሰው አይገባበትም። እኔ ብቀንስ ጎኔ ያለው ይጨምራል፣ ደንበኛዬም ወደሱ ይሻገራል። ደግሞ ጎንደር የአዝማሪ አገር ናት። እዚህ ከተማ ላይ ሙዚቃ ዛሬ አልመጣም።

ጥያቄውን ያነሳው፦
አዝማሪውንማ ማን ይጠላል! አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ቤት ውስጥ ነው የሚጫወተው። ሊሰማው የፈለገ ይገባል፣ ይሸልማል፣ ይስቃል። ድምፁም ከዚያው ቤት ብዙ አይርቅም። በራፍ ላይ የወጣ ሞንታርቦ ግን የገባውንም ያልገባውንም ያስገድዳል። ጥምቀት ሲሆን ከተማው ሁሉ ሲዘፍን ያድራል፣ ማንም ቅር አይለውም። ጥር ላይ ሰፈር ውስጥ የሰርግ ድንኳን ሲጣል እኛው ራሳችን ወንበር እናወጣለን። እሱ አልፎ ሂያጅ ነው። የግሮሰሪው የዘወትር ነው።

ሌላ አስተያየት ሰጪ፦
ነገር ማካበድ ነው። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ የሚወጣውን ድምፅ ችላችሁ የለም እንዴ? ነጋዴው ላይ ብቻ ምነው?

ጥያቄውን ያነሳው፦
እሱ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፣ ይነሳ ከተባለም በአክብሮት ይነሳል። ግን የአንዱ ድምፅ ለሌላው ፈቃድ አይሆንም።

ነርስ ነኝ፦
ሁላችሁም ስለ ማታ ብቻ ነው የምታወሩት። እኔ ሆስፒታል ሌሊት አድሬ ጠዋት ነው የምተኛው። ጎረቤቴ በርና መስኮት የሚሠራ የብረት ቤት ነው። ብረት ሲቆረጥ የሚወጣውን ድምፅ የሰማ ያውቀዋል፣ ጥርስ ያፋጫል። ልጁን ሄጄ አናገርኩት። መጀመሪያ ተቆጣ። ኋላ የሰፈር ሽማግሌዎች ገቡበት። አሁን መቁረጡን ከሰዓት በኋላ አድርጎታል፣ ጠዋት የሚሠራው ልኬትና ቀለም ነው። አልቆመም፣ ሥራውም አልቀነሰም። የሥራውን ቅደም ተከተል ብቻ ቀየረ። ስለዚህ ከመክሰሳችሁ በፊት የሰውየውን ሥራ ቁጭ ብላችሁ እዩት። የሚዛወር ነገር አይጠፋም።

ሕግ የተማረው፦
ሽምግልናው ጥሩ ነው። ግን ጎረቤት የሚለምነው ሞገስ አድርጋችሁ አትዩት፣ መብቱ ነው። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 ባለንብረት በንብረቱ ሲጠቀም የጎረቤቱን መብት ያክብር ይላል። ከጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት ይከለክላል። ልክ አለፈ አላለፈ የሚባለው የአካባቢው ልማድና የቦታው ሁኔታ ታይቶ ነው። ስለዚህ ፒያሳ ላይ የሚቻለው ድምፅ ማራኪ ጓሮ ውስጥ ላይቻል ይችላል።

በቁጥርም አለ። በአገራችን የድምፅ ደረጃ የመኖሪያ ሰፈር ልኩ ቀን 55 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ)፣ ሌሊት 45 ነው። ለንግድ አካባቢ 65 እና 55። አካባቢን ስለ መበከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ድምፅን ይመለከታል። በስልክ የሚለካ አፕ ግምት እንጂ ማስረጃ አይሆንም፤ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግባችሁ ያዙ፣ ጎረቤት ምስክር ይኑራችሁ። ክፍለ ከተማ ስትሄዱም በቃል አታመልክቱ፣ በጽሑፍ አስገቡና ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቱ።

ሳውንድ የማከራይ፦
ግሮሰሪ ላላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሞንታርቦ መሬት ላይ፣ የግድግዳ ጥግ ላይ ከተቀመጠ ቤዙ ያብጣል። ግድግዳ ቀጭኑን ድምፅ ይይዛል፣ ቤዙን ግን ያሳልፋል። ጎረቤት የሚታመመውም በዚያ ነው። ማቆሚያ ላይ ስቀሉት፣ ከጥግ አርቁት፣ አፉን ወደ ውስጥ አዙሩት፣ ሚክሰሩ ላይ ቤዙን ቀንሱ። ደንበኛችሁ ዘፈኑን ጥርት አድርጎ ይሰማል። 10 ዴሲቤል ሲቀንስ ለጆሮ በግማሽ ያህል የቀነሰ ነው የሚመስለው። ይሄ ሁሉ ብዙ ብር አያስወጣም።

ጥያቄውን ያነሳው፦
ተባረክ! እንዲህ ያለ ምክር ነው የጠፋን።

እኔ ደግሞ አንድ ያልተነሳ ሰው አለ እላለሁ። አከራዩ። ነጋዴና ተከራይ እርስ በርስ ስንጨቃጨቅ ከሁለታችንም ኪራይ የሚቀበለው ሰው ዝም ብሏል። የፊቱን ለሞንታርቦ፣ የጓሮውን ለእንቅልፍ ያከራየው እሱ ነው። ተከራዩ ቢናገር «ካልተመቸህ ልቀቅ» ይባላል። ስለዚህ ዝም ይላል፣ ግሮሰሪውም ማንም ስላልተናገረው የተስማማንበት ይመስለዋል። አከራዩ ከንግድ ቤቱ ጋር ውል ሲፈራረም አንድ መስመር ቢያስገባ ምን ይጎድልበታል? ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ሞንታርቦ ውስጥ ይግባ፣ በሩ ይዘጋ። በቃ። ውል ሲታደስ መጨመር ይቻላል። ያን ጊዜ ክሱ የጎረቤት ከጎረቤት መሆኑ ይቀራል።

ግሮሰሪ ያለው፦
ይሄኛው ሐሳብ ይሻላል። ግን እኔ ብቻዬን አልፈርምም። በመስመሩ ያለነው ሁሉ ከገባንበት እኔ መጀመሪያ እፈርማለሁ። የሞንታርቦውን አቀማመጥማ ዛሬውኑ አስተካክላለሁ።

ነርስ ነኝ፦
ቀን የምንተኛውንስ?

ጥያቄውን ያነሳው፦
እህቴ፣ ልክ ነሽ፣ የ3 ሰዓቱ ወሰን አንቺን አያድንም። ላንቺ ያንቺው ሽማግሌዎች የሠሩት ነው የሚሻለው። እኛ ሰፈር ግን ከአከራዩ እጀምራለሁ። ተከራዮቹ አብረን ነው የምንገባው፣ አንድ ሰው ብቻውን ከሄደ ቤቱን ያስለቅቁታል።