የጋራ ፕሮፖዛል፦ ሙቀቱንና ሽክርክሪቱን እንዴት እንለያቸው?

አስተባባሪ፦ ሰላም አባላት። ርዕሱ ጸድቋል፤ ግለው በፍጥነት በሚሽከረከሩ ኒውክሊየሶች ውስጥ ያለውን ግዙፍ ዳይፖል ሬዞናንስ፣ ማለትም ፕሮቶኖቹ በአንድነት ከኒውትሮኖቹ በተቃራኒ የሚያደርጉትን ንዝረት፣ በጋማ ጨረር እናጠናለን። ዋናው ጥያቄያችን ምን ይሁን? ወዲህ በሉ።

የሙከራ ቡድን፦ እኛን የሚያሳስበን ይሄ ነው። ከኢላማው ጋር እንዲዋሃድ የምንተኩሰውን አዮን (ቻርጅ ያለው አቶም) ጉልበት ከፍ ስናደርግ የሚፈጠረው ኒውክሊየስ ይግላል፤ ሽክርክሪቱም አብሮ ይጨምራል። ፕሮቶኖቹ ከኒውትሮኖቹ በተቃራኒ ሲወዛወዙ በጋማ ጉልበት ግራፍ ላይ የሚታየው ጉብታም ይሰፋል። በቲን (ቆርቆሮ) ኒውክሊየሶች አካባቢ ስፋቱ ሳይግል 5 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የጉልበት መለኪያ) ገደማ ነው፤ ሲግል 10 ይደርሳል። ታዲያ ያሰፋው የትኛው ነው? ይህን ካልለየን ፕሮፖዛሉ አያስኬድም።

የቲዎሪ ቡድን፦ እውነት ነው። ሁለቱም ጉብታውን የሚያሰፉት በዋናነት ቅርፁን እየነኩ ነው። ሙቀት ቅርፁን ያዋዥቀዋል፤ ሽክርክሪት ይለውጠዋል። የታይታኒየም 46ን ውጤት እስቲ ልብ በሉ። ኦክስጅን 18ን ከሲሊከን 28 ጋር አዋህደው ሲለኩ 10 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ጠባብ ጉብታ ታየ። ኒውክሊየሱ በሽክርክሪቱ ብዛት ጠፍጣፋ መሆኑን ትቶ በጣም ተለጥጧል ማለት ነው። በረጅሙ ዘንግ የሚደረገው ንዝረት ዝግ ያለ ስለሆነ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ በሽክርክሪት ምክንያት የሚመጣው የኮሪዮሊስ ኃይል ደግሞ ጉልበቱን የበለጠ ዝቅ ያደርገዋል። በጣም ደስ የሚል ውጤት ነው!

የሙከራ ቡድን፦ እንግዲያው ያንኑ ኒውክሊየስ በሁለት የተለያዩ የአዮን ጥምረቶች እንፍጠረው። የመነቃቂያ ጉልበቱ እኩል፣ ሽክርክሪቱ የተለያየ ይሁን።

የቲዎሪ ቡድን፦ ቆይ፣ እዚህ ጋ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሽክርክሪቱ ራሱ ከጉልበቱ ይበላል፤ ጉልበቱን ብናመሳስለው በፍጥነት የሚሽከረከረው ይቀዘቅዛል። እኩል መሆን ያለበት ሙቀቱ ነው።

የሙከራ ቡድን፦ ተቀብለናል። ለሱ የአዮኑን ጉልበት እናስተካክላለን።

የዲቴክተር ቡድን፦ ለከፍተኛ ጉልበት ጋማ ላንታነም ብሮማይድ የተባለው የዲቴክተር ክሪስታል ይሻላል። ፈጣን ስለሆነ ዘግይተው የሚደርሱትን ኒውትሮኖች በጊዜ እንለያቸዋለን። ዙሪያውን አነስተኛ ክሪስታሎች እንደርድር፤ በአንድ ክስተት ብዙ ከተነኩ ሽክርክሪቱ ከፍተኛ ነው። ፊሽን (የኒውክሊየስ ለሁለት መሰንጠቅ) እንዳይቀላቀልብን ሳይሰነጠቅ የቀረውን ኒውክሊየስም እንያዝ።

አስተባባሪ፦ ግሩም። የሙቀቱን ስሌት ቲዎሪ ይጻፍ፤ የጨረር ሰዓት (አክስለሬተሩን የምንጠቀምበት ጊዜ) ጥያቄው የሙከራ ቡድን ነው።

የዲቴክተር ቡድን፦ ካሊብሬሽኑም (ዲቴክተሩን በሚታወቅ ጉልበት ማስተካከሉ) ይካተት። የተለመዱት የጋማ ምንጮች ጉልበታቸው ለኛ አይበቃም። ቦሮን 11ን በዲዩተሪየም (ከባድ ሃይድሮጅን) ስንመታ ከካርቦን 12 የ15.1 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ጋማ እናገኛለን። ለሱ የተለየ ሰዓት ጠይቁልን።