ኤ4 ፒዲኤፍ ለማንበብና ማስታወሻ ለመጻፍ የትኛው ኢ-ሪደር ይሻላል?

ጥያቄ፦
የማነባቸው ፒዲኤፎች አብዛኞቹ በኤ4 ገጽ፣ በሁለት ዓምድ የተዘጋጁ የጥናት ጽሑፎች ናቸው፤ ጥቂቶቹ ስካን ናቸው። ኅዳጉ ላይ በእጅ መጻፍና ቁልፍ ዓረፍተ ነገሮችን ማስመር እፈልጋለሁ፤ ሁሉም ኋላ ኮምፒውተር ላይ መታየት አለበት። ኪንድል ስክራይብ፣ ሪማርከብል 2 ወይስ ቡክስ? ባለ 6 ኢንች አይበቃም?

መልስ 1፦
6 ኢንች ለልብ ወለድ እንጂ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የስክሪኑ ቁመት 122 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የኤ4 ደግሞ 297። ሙሉው ገጽ እንዲገባ ሲጠብ፣ መጠኑ 10 የነበረው ፊደል 4 ይሆናል። 10.3 ኢንች ላይ 7፣ 13.3 ኢንች ላይ 9 ይደርሳል።

10.3 ከመረጡ ዘዴው ስክሪኑን አግድም ማዞር ነው። ረዥሙ ጎን 210 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ማለትም የኤ4ን ስፋት ያህል ስለሆነ ፊደሉ ወረቀት ላይ ባለው መጠን ይታያል፤ በአንዴ የሚታየው ግን ከገጹ ግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ኅዳጉን መቁረጥም ፊደሉን ያጎላል፣ ነገር ግን የሚጽፉበት ባዶ ቦታ አብሮ ይቆረጣል (ይህን ብዙ ሰው የሚያስተውለው ከገዛ በኋላ ነው)። ለንባብ ቆርጠው፣ ለመጻፍ ወደ ሙሉው ገጽ መመለስ ግድ ነው። ለሁለት ዓምድ የቡክሱ የንባብ መተግበሪያ ኒዮሪደር ይበልጣል፤ ገጹን ከፋፍሎ የግራውን ዓምድ ሲጨርሱ ወደ ቀኙ ይወስድዎታል።

መልስ 2፦
ከስክሪኑ በፊት ማስታወሻው የት እንደሚቀመጥ ይጠይቁ። ሪማርከብል ፋይሉን ኤክስፖርት ሲያደርግ የእጅ ጽሑፉ ገጹ ላይ እንደ ሥዕል ያርፋል፤ ያነቡታል እንጂ ኮምፒውተሩ በኮሜንት ዝርዝር አያወጣልዎትም። ቡክስና ኮቦ (ሌላ የኢ-ሪደር ዓይነት) ላይ የሚጫነው ነፃው የንባብ ፕሮግራም ኬኦሪደር ያሰመሩትን ራሱ ፒዲኤፉ ውስጥ እንዲጽፍ ማዘዝ ይቻላል፤ ለእጅ ጽሑፍ ግን አይሆንም። ማታ የሚያነቡ ከሆነ ሪማርከብል 2 የራሱ መብራት የለውም፤ አብዛኞቹ የስክራይብ ሞዴሎች አላቸው።

ጠያቂው፦
ስካኖቹ ላይ ኮምፒውተሩም ቃል መምረጥ አልቻለም። ኢ-ሪደሩ ይችላል?

መልስ 1፦
በአብዛኛው አይችልም። ገጹ ፎቶ ስለሆነ ከሥሩ ጽሑፍ የለም። ፋይሉን ከመጫንዎ በፊት ኮምፒውተር ላይ ኦሲአር (ፎቶ ላይ ያለውን ፊደል ወደሚመረጥ ጽሑፍ መቀየር) ያድርጉለት፤ ቴሰራክት የተባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፣ አማርኛም ያነባል። መጀመሪያ የተጣመመውን ገጽ ያቅኑ፤ አለዚያ ፊደል ይስታል፣ ማስመሪያውም ከቃሉ በላይ ወይም በታች ያርፋል። ለስካኑ ጥራት 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይበቃል፤ በ600 ባለቀለም ስካን የተደረገ ፋይል ከባድ ስለሆነ ገጽ ሲገለጥ ይዘገያል። ይህን ሁሉ ማስታወሻ ሳይጀምሩ ይጨርሱ። ኋላ ፋይሉን ከቀየሩት መሣሪያው እንደ አዲስ ሰነድ ሊቆጥረው ይችላል፤ የጻፉትም ከአሮጌው ጋር ይቀራል።