የጥቅምቱ ዕቅዳችን፦ ቲሸርት ወይስ አልትራሳውንድ?

ሰብሳቢ፦ ሰላም እህቶች፣ ወንድሞች። ስለ ጡት ካንሰር ለሐዋሳ ከተማ ጤና መምሪያ የምናስገባው ሐሳብ ሰኞ መድረስ አለበት። እስካሁን የያዝነው ሁለት ነገር ነው። ቲሸርት ለብሰን ከፒያሳ እስከ ፍቅር ሐይቅ የእግር ጉዞ፣ ከዚያ ለኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች ነጻ ማሞግራም፣ ማለትም የጡት ራጅ። እስቲ ተናገሩ።

ሲስተር፦ ጉዞው ይሁን። ማሞግራሙ ግን ይውጣ። ፓርኩ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ገና ወጣት ልጆች ናቸው። በዚህ ዕድሜ ጡት ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ በማሞግራም ነጭ ሆኖ ይታያል። ዕጢም ነጭ ነው። ከነጭ ጤፍ ውስጥ ነጭ አሸዋ መልቀም በሉት። ምንም ያልተሰማትን የ22 ዓመት ልጅ ማሽን ፊት ማቆም ትርፉ ማስደንገጥ ነው። እብጠት ላላት ወጣት የሚቀድመው አልትራሳውንድ ነው፤ ካጠራጠረ ከእብጠቱ ናሙና መውሰድ።

ገንዘብ ያዥ፦ የጡት ካንሰር በነሱ ዕድሜ ብርቅ ከሆነ ታዲያ ምን አለፋን?

ሲስተር፦ ብርቅ መሆኑ እኮ ነው ጣጣው። ማንም አይጠረጥርም። ከ40 በታች ያሉት ላይ ደግሞ ቶሎ የሚያድገው ዓይነት ይበዛል። የሆርሞን መድኃኒት የማይሠራለት፣ ትሪፕል ኔጌቲቭ የምንለውም ከትልልቆቹ ይልቅ እነሱን ይይዛል። እንዲህ ባለው ላይ አራት ወር ሲባክን አስቡት።

የአቶቴዋ አባል፦ አራት ወር ስትዪ የኔን ነው የተናገርሽው፣ ሲስተር። 29 ዓመቴ ነበር፣ ልጄን አጠባለሁ። ግራ ጡቴ ጎን ሽምብራ የምታህል ነገር ዳበስኩ። እናቴ ማታ ማታ ትኩስ ፎጣ ታደርግልኛለች። ጤና ተቋም ስሄድ «ወተት ቋጥሮ ነው፣ ገና ልጅ ነሽ» ተባልኩ። ኪኒኑን ጨረስኩ፤ አልጠፋም። ተመልሼ ሄድኩ፤ ሌላ ኪኒን። ናሙና የተወሰደው ሎሚ ካከለ በኋላ ነው። ኬሞ፣ የካንሰሩን መድኃኒት፣ ስጀምርም «ሌላ ልጅ ትፈልጊያለሽ ወይ?» ያለኝ የለም። ኬሞው መውለድን ሊያስቀር እንደሚችል የገባኝ የወር አበባዬ ሲቀር ነው።

ሰብሳቢ፦ አይዞሽ እህቴ። ከፈቀድሽ ስምሽ ሳይጠቀስ ይግባ።

የአቶቴዋ አባል፦ ይግባ።

ሲስተር፦ እንዲህ አርቅቄዋለሁ። «ማንኛዋም ሴት፣ ዕድሜዋ ምንም ይሁን፣ እያጠባችም ቢሆን፣ የጡት እብጠቷ በአንድ ዙር አንቲባዮቲክ ካልጠፋ ለአልትራሳውንድ ትላክ።» የዓለም ጤና ድርጅት አንዲት ሴት ከቀረበች በኋላ ምርመራዋ በ60 ቀን ውስጥ እንዲያልቅ ይላል፤ እኛም ይህንኑ እንጠይቅ። የመውለድ ጉዳይ ከኬሞ በፊት ይነሣ የሚልም ይጨመር። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ፖዚቲቭ የተባለ ጥናት አለ። የተጠኑት ዕጢያቸው ለሆርሞን መድኃኒት ምላሽ የሚሰጥ ሴቶች ናቸው። መድኃኒቱን ከ18 እስከ 30 ወር ወስደው ለማርገዝ ለጊዜው አቆሙ። በአጭር ጊዜ ክትትል ካንሰሩ የመመለሱ ነገር አልጨመረም። በሐኪም ክትትል ነው ታዲያ፣ ማንም በራሷ እንዳታቆም!

ገንዘብ ያዥ፦ ገባኝ። የቲሸርቱ ብር አቅም ለሌላት ልጅ የአልትራሳውንድ ይሁን። ግን ቀብድ ከፍያለሁ።

ሰብሳቢ፦ ታትሟል?

ገንዘብ ያዥ፦ ገና ነው።

ሰብሳቢ፦ እንግዲያው ነገ ጠዋት ሂድና አስመልስ።