የሰው ታሪክ ቤቴ ድረስ እየተከተለኝ ነው፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ ዝምተኛ አንባቢ

ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን የሌሎችን ጥያቄ ሳነብ ነው የኖርኩት፤ ዛሬ ተራው የኔ ሆነ።

የስነልቦና ባለሙያ ነኝ፤ ሥራ ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴ ነው። በቀን ስድስት ሰው አያለሁ። አብዛኞቹ ጥቃት የደረሰባቸው ወይም ሰው በድንገት የሞተባቸው ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ደከመኝ ሳልል ሠርቻለሁ። ከቅርብ ወራት ወዲህ ግን ራሴን አላውቃትም።

አንዱን ልንገራችሁ። ባለቤቴ ማታ ሲገባ ቁልፉን በሩ ላይ ሲያዞር፣ ያቺን የብረት ድምፅ ስሰማ ልቤ ልትወጣ ትደርሳለች። እጄ ላይ የነበረ ሰሃን የለቀቅኩበት ቀን አለ። በሕይወቴ ከቁልፍ ድምፅ ጋር የተያያዘ ክፉ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም። የሰማሁት ነው። (ከማን እንደሰማሁ አልጽፍም፤ ዝርዝሩንም ለውጬዋለሁ።)

ሌላው፣ ተገልጋይ ቀጠሮ ሲሰርዝ ደስ ይለኛል። የሁለት ሳምንት ኖት (ከየተገልጋዩ ቀጠሮ በኋላ የሚጻፈው ማስታወሻ) ሳልጽፍ ተከምሮብኛል። ባለፈው ደግሞ ልጄ ጓደኛዋ አኩርፋት እያለቀሰች ልትነግረኝ ብትመጣ፣ «ይሄም ችግር ሆኖ ነው?» አልኳት። ፊቷ አሁንም ከዓይኔ አልጠፋም።

ለኃላፊዬ ነገርኩት። «ራስሽን ተንከባከቢ» አለኝና የአተነፋፈስ ሥልጠና ላይ ስሜን አስገባው። ሥልጠናው ባለቀ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ቀጣይዋን ተገልጋይ ተቀበልኩ።

ይሄ ነገር መሰላቸት ነው ወይስ ሌላ ነው? ሥራዬን ሳልለቅ ማስቆም ይቻላል? ለባለቤቴስ ምን ብዬ ልንገረው?

መልስ፦ የድሮ ሰው

እህቴ፣ መጀመሪያ ስሙን እናጥራ፤ መፍትሔው እንደ ስሙ ይለያያልና።

በጻፍሽው ውስጥ ሦስት ነገሮች ተደባልቀዋል። የተከመረው ኖትና ቀጠሮ ሲሰረዝ የሚሰማሽ እፎይታ በርንአውት፣ ማለትም ከሥራ ጫና የሚመጣ መዛል፣ ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅት እሱን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ይለዋል እንጂ በሽታ አይለውም፤ ቀኑን ሙሉ ሒሳብ ሲሠራ የሚውልም ሰው ይይዘዋል። ለልጅሽ የመለስሽው መልስ ወደ ርኅራኄ ድካም ይጠጋል፤ የማዘን አቅም ሲሟጠጥ፣ የሰው እንባ ሁሉ በአንድ ሚዛን እየተመዘነ «ይሄ ቀላል ነው» መባል ይጀምራል። ቻርለስ ፊግሊ በ1990ዎቹ ስለዚህ ሲጽፉ፣ ለሰው ማሰብ የሚያስከፍለው ዋጋ ብለውታል።

የቁልፉ ነገር ግን ለየት ይላል። መደንገጥ፣ ሳይጠሩት የሚመጣ ምስል፣ አንዳንድ ነገር መሸሽ፦ እነዚህ ጉዳቱ በራሱ ላይ በደረሰበት ሰው ላይ የምናያቸው ምልክቶች ናቸው። አንቺ ግን በጆሮሽ ነው ያገኘሽው። ሰከንደሪ ትራውማ፣ ማለትም የሌላውን ጉዳት በመስማት የሚመጣ የስነልቦና ጉዳት፣ የሚባለው ይሄ ነው።

ሊሳ ማካን እና ሎሪ ፐርልማን በ1990 ቫይኬሪየስ ትራውማ ብለው የገለጹት ደግሞ ከዚህም ጠለቅ ይላል፤ ዓለምን የምታይበትን ዓይን ነው የሚለውጠው። ደህንነት፣ እምነት፣ ክብር፣ ቅርርብ፣ ሕይወቴን እቆጣጠራለሁ የሚለው ስሜት፣ እነዚህ ሁሉ ቀስ በቀስ ይሸረሸራሉ። ልጅሽን ዘመድ ቤት ማሳደር እምቢ ማለት ጀምረሻል? ደግ ሰው ስታዪ «ምን ፈልጎ ነው?» ትያለሽ? እሱን አንቺው ታውቂዋለሽ።

ፕሮኮል (ProQOL) የሚባለውን መጠይቅ ሙዪ፤ በነፃ ይገኛል። 30 ጥያቄዎች ናቸው፣ ያለፉትን 30 ቀናት ይመለከታሉ። በርንአውቱን፣ ሰከንደሪ ትራውማውንና ከሥራሽ የምታገኚውን እርካታ ለየብቻ ያሳይሻል። ምርመራ አይደለም፤ እንደ መስታወት ቁጠሪው። ዓርብ ማታ ግን አትሙዪው፤ ዓርብ ማታ ሁላችንም አልቀናል።

መልስ፦ መደብ አውጪ

የድሮ ሰው ስሙን ነግረውሻል፤ እኔ ስለ ቁጥሩ ላውራ። በሳምንት 30 ሰው! ከነሱ ስንቱ ከባድ ታሪክ ይዞ የሚመጣ ነው? ቆጥረሽ ታውቂያለሽ?

እኔ አልቆጠርኩም ነበር። የሠራሁበት ቦታ ራስን ስለመንከባከብ በየሳምንቱ መልእክት ይልክልን ነበር፤ የተገልጋይ ቁጥር ግን አንድም ቀን ቀንሶ አያውቅም። እኔም ጥፋቱ የኔ መስሎኝ ይበልጥ ስሮጥ፣ ይበልጥ ስተነፍስ ከረምኩ። በኋላ ነው ቦበር እና ሬገር በ2006 ካናዳ ውስጥ ባለሙያዎች ላይ የሠሩትን ጥናት ያነበብኩት። ራስን ለመንከባከብ ጊዜ የሰጡት ሰዎች ካልሰጡት ያነሰ የትራውማ ምልክት አልታየባቸውም። ምልክቱ የተያያዘው በሳምንት ጉዳት ከደረሰባቸው ሰዎች ጋር ከሚያሳልፉት ሰዓት ጋር ነበር። ይሄን ሳነብ ተናደድኩ፤ ሸክምም ወረደልኝ።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚነካው መርሐ ግብሩ ነው። ያደረግኩትን ልንገርሽ። ያንድ ሳምንት ቀጠሮዬን በወረቀት ላይ ጻፍኩና ከባዶቹን በቀይ ከበብኳቸው። ማክሰኞ ከሰዓት አራት ቀይ ክቦች ተሰልፈው ተቀምጠዋል! ማንም አስቦ አላደረገውም፤ የቀጠሮ ጸሐፊዋ ክፍት ቦታ ስታገኝ የሞላችው ነው። ሁለት ከባድ ቀጠሮዎች እንዳይከታተሉ አደረግሁ። የቀኑ የመጨረሻ ሰዓት ላይ ከባድ ታሪክ አልይዝም አልኩ፤ የመጨረሻውን የሰማሽውን ነውና ቤት ይዘሽ የምትሄጂው። በየመሃሉ 15 ደቂቃ አስገባሁ፣ ኖቱን እዚያው ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ያልተጻፈ ኖት ያልተዘጋ በር ነው፤ ማታ ተመልሶ ያንኳኳል።

መልስ፦ ጠንካራው

ሙያው ይሄ ነው እኮ። ያልቻለ ሌላ ሥራ ይፈልጋል። ቆዳሽን አደንድኚ።

መልስ፦ የድሮ ሰው

ወንድሜ ጠንካራው፣ ቆዳ ሲደነድን እኮ እሱ ራሱ ከምልክቶቹ አንዱ ነው። ለልጇ የመለሰችው መልስ ከየት የመጣ ይመስልሃል? የደነደነ ባለሙያ አይታመምም ብለን እናስብ፤ ተገልጋዩ ግን ይጎዳል። ሰውየው ወደ ዋናው ነገር ሲጠጋ ባለሙያው ሳያውቀው ርዕስ ይቀይራል፣ ስለ እንቅልፍና ስለ ምግብ ፍላጎት ይጠይቃል። ራሴን አንድ ቀን እንዲህ ሳደርግ ይዤዋለሁ።

መልስ፦ ወንበር አስተካካይ

እኔ ከእርስዎ በሙያው ታናሽ ነኝ፣ ስለዚህ በትሕትና አንድ ነገር ልጨምር። ሴሽኑ ውስጥ እያሉ ሰውነትዎን ይዩት። ተገልጋዩ ሲጎብጥ እኛም እንጎብጣለን፤ ትንፋሹ ሲያጥር የኛም ያጥራል። መኮረጁ ለመረዳት ይጠቅማል፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ከቆየ ግን ፍርሃቱን በሰውነታችን ለብሰን እንወጣለን። ሱፐርቫይዘሬ (ሥራዬን እያየች የምትመራኝ ባለሙያ) ከጎን ሆና ስታየኝ ትከሻዬ ጆሮዬ ጋ ደርሶ ነበር፤ እኔ አላወቅሁም! አሁን ከባድ ቦታ ላይ ስንደርስ ጀርባዬን ከወንበሩ መደገፊያ ጋር አነካካለሁ፣ የእግሬን ጣቶች ጫማዬ ውስጥ አንቀሳቅሳለሁ። ተገልጋዩ አያየውም።

ሌላው፣ ታሪኩን በዓይነ ሕሊናዎ ፊልም አያድርጉት። እኔ ድሮ ክፍሉን፣ መስኮቱን፣ ድምፁን ሁሉ እሥለው ነበር፤ በደንብ ማዳመጥ ማለት እሱ መስሎኝ። አሁን ፊት ለፊቴ የተቀመጠውን፣ ዛሬ ከዚያ ተርፎ የሚያወራኝን ሰው ነው የማየው። ታኒያ ሲንገር እና ኦልጋ ክሊሜኪ አእምሮ ላይ ባደረጉት ምርምር የሰውን ሕመም አብሮ መታመምና ለታመመው መልካም መመኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆነው አግኝተዋቸዋል፤ ሁለተኛው በልምምድ የሚዳብር ነው፣ መልካም ስሜትም ይዞ ይመጣል። ሥራችንን በሁለተኛው መሥራት ይቻላል።

ጠያቂ፦ ዝምተኛ አንባቢ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ጋሼ የድሮ ሰው፣ ልጄን ዘመድ ቤት ስለማሳደር የጠየቁኝን ሳነብ ስልኩን አስቀምጬ ተነሳሁ። አዎ፣ እምቢ ካልኩ ስድስት ወር ሆኖኛል።

የቀዮቹን ክቦች ሠራሁ። ከ30ው 22ቱ ቀይ ናቸው።

የባለቤቴን ጉዳይ ግን ማንም አልነካልኝም። ስመጣ «ቀንሽ እንዴት ነበር?» ይለኛል፣ ዝም እለዋለሁ፤ ተቆጥታብኛለች ብሎ ያስባል። የቢሮ ባልደረባዬ ጋር ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ምሳ ላይ አንዳችን የሰማነውን ለሌላው ስናራግፍ ሁለታችንም አንበላም።

መልስ፦ ለስላሳ ቃል

የምሳውን ዛሬውኑ አቁሙት። እንደሱ ማራገፍ ሸክሙን አያቀልም፤ አንድ ሰው የተሸከመውን ሁለት ሰው እንዲሸከመው ያደርጋል። ፍራንስዋዝ ማቲዩ የምታስተምረው አካሄድ አለ፦ ልትናገሪ መሆኑን መጀመሪያ ራስሽ እወቂው፣ አስጠንቅቂ፣ ፈቃድ ጠይቂ፣ ከዚያ ከዳር ጀምረሽ የሚበቃውን ያህል ብቻ ተናገሪ። «ዛሬ የሕፃን ጉዳይ ነበረብኝ፣ ከብዶኛል፤ አምስት ደቂቃ ትሰሚኛለሽ ወይስ ነገ ይሻልሻል?» እንደዚህ። ከዚያም ስለ ራስሽ ስሜት ጀምሪ። ዘግናኙን ዝርዝር ብዙ ጊዜ ሳትነኪው ታልፊያለሽ፤ እፎይታው ያው ነው።

ለባለቤትሽ ደግሞ ታሪክ መንገር አይጠበቅብሽም፣ ምስጢሩም የተገልጋይ ነው፤ አይቻልም። ያለሽበትን ሁኔታ ግን ንገሪው። «ሥራ ላይ የሰማሁት ነገር ሰውነቴ ውስጥ ቀርቷል። አንተ ያደረግከው ነገር የለም። ስገባ ሃያ ደቂቃ ዝም ልበል፣ ከዚያ እመጣለሁ» በይው። የቁልፉንም ንገሪው። የማያውቀውን ሊያግዝሽ አይችልም።

መልስ፦ እኔም ታክሜያለሁ

አጠር አድርጌ ልጻፍ። ምስሉና ድንጋጤው ከወር በላይ ከቆየ፣ እንቅልፍ ካሳጣሽ፣ ወይም የራስሽን የቆየ ቁስል ከቀሰቀሰብሽ፣ መርሐ ግብር ማስተካከሉ ብቻ አይበቃም፤ ሂጂና ታከሚ። እኔ «እንዴት ባለሙያ ሆኜ?» እያልኩ አንድ ዓመት አባከንኩ። በ2013 የወጣው ዲኤስኤም 5 (የአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና ማኅበር የምርመራ መመሪያ) በሥራ ምክንያት ዘግናኝ ዝርዝር ደጋግሞ መስማት ለፒቲኤስዲ (ከከባድ አደጋ ወይም ጥቃት በኋላ ለሚመጣ የአእምሮ ሕመም) መነሻ ሊሆን እንደሚችል በግልጽ ጽፎታል። ስለዚህ ማስመሰል አይደለም፣ ድክመትም አይደለም።

ሱፐርቪዥን ሕክምና አይደለም፤ አታቀላቅያቸው። ሱፐርቫይዘርሽ ስለ ተገልጋዩ ሥራሽን ታያለች፣ ቴራፒስትሽ አንቺን። ሁለቱም ኃላፊሽ ባይሆኑ ይመረጣል፤ የሥራ ግምገማሽን የሚሞላ ሰው ፊት ማን ልቡን ይከፍታል?

መልስ፦ ወንበር አስተካካይ

አንድ የረሳሁት። ከተገልጋዮች የሚተላለፈው ጉዳት ብቻ አይደለም። በ2007 ሄርናንዴዝ እና ባልደረቦቿ የኮሎምቢያ ቴራፒስቶችን አነጋግረው፣ የተገልጋዮቻቸው ጥንካሬ ወደነሱም እንደሚጋባ ጽፈዋል። እኔ ኖት ስጽፍ መጨረሻ ላይ ሰውየው ያን ሳምንት የቻለውን አንድ ነገር እመዘግባለሁ። «ብቻዋን ታክሲ ተሳፈረች።» ከባዱን ነገር አያጠፋውም፣ ግን ከጎኑ ይቀመጣል።

ጠያቂ፦ ዝምተኛ አንባቢ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

የደረስኩበትን ልንገራችሁ ብዬ ነው። ቴራፒስት አገኘሁ፣ ሁለቴ ሄጃለሁ። የምሳውን ወሬ አቁመናል። ባለቤቴ አሁን ቁልፉን ከማስገባቱ በፊት ሁለቴ አንኳኩቶ «እኔ ነኝ» ይላል። አሁንም እደነግጣለሁ፣ ሰሃን ግን አልጣልኩም። ልጄን ይቅርታ ጠየቅኳት፤ እሷማ ከጓደኛዋ ጋር ታርቃ ነገሩን ረስታዋለች!

ኃላፊዬ የ15 ደቂቃውን ተቀበለ። ቁጥር መቀነስን ግን «በጀት ነው» ብሎ እምቢ አለ። በጽሑፍ አምጪ ተብያለሁ። የጻፈ ሰው ካለ ቢያሳየኝ።

መልስ፦ መደብ አውጪ

የኔ ይሄን ይመስል ነበር፤ ቁጥሩን በራስሽ ተኪው። ከግማሽ ገጽ አታስበልጪው፣ ቀዮቹን ክቦችም አያይዢለት።

«በአሁኑ ሰዓት በሳምንት 30 ተገልጋዮችን አያለሁ፤ ከነሱ 22ቱ ከባድ የስነልቦና ጉዳት የደረሰባቸው ናቸው። በዚህ ብዛት ኖት በወቅቱ ማጠናቀቅ አልቻልኩም፤ ራስን የመጉዳት ስጋት ያለባቸውን ሰዎች በሚገባቸው ጥንቃቄ ለመከታተልም እየተቸገርኩ ነው። ስለዚህ ለሚቀጥሉት ሦስት ወራት አዳዲስ ከባድ ጉዳዮች በባለሙያዎች መካከል በእኩል እንዲከፋፈሉ፣ የኔም በቀን ከሦስት እንዳይበልጥ፣ በየሁለት ሳምንቱ የአንድ ሰዓት ሱፐርቪዥን በሥራ ሰዓት እንዲመደብልኝ እጠይቃለሁ። በሦስተኛው ወር መጨረሻ የተሰረዙ ቀጠሮዎችን፣ ያልተጻፉ ኖቶችንና የሕመም ፈቃድ ቀናትን አብረን እናያለን።»

«ደክሞኛል» የሚል ቃል እንደሌለበት አስተውዪ። እኔ ከጠየቅኩት ሦስት ነገር ሁለቱን አግኝቻለሁ፤ ሱፐርቪዥኑ በአራት ወሩ ነው የመጣው።