የስትራትስፔ ኖታ ላይ ነጥቦቹ ጎደሉብን፣ የምታውቁ እርዱን

ሰላም የሙዚቃ ወዳጆች። በስኮትላንድ፣ ዳንዲ ከተማ ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት የሚገኘው የዋይተን ስብስብ እ.ኤ.አ. በ1866 ያረፈው ነጋዴ አንድሩ ዋይተን ያሰባሰበው ነው። የዚያን ዓይነት የ18ኛው ክፍለ ዘመን የቫዮሊን ኅትመት ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥን አንድ ስትራትስፔ (የስኮትላንድ የጭፈራ ዜማ) ላይ ተጣብቀን ቀረን። ዜማው 4/4፣ እያንዳንዳቸው 8 ባር የሆኑ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ ከሥሩ የቼሎ ባስ አለው።

1ኛው ባር ላይ አጭሯ 1/16 ትቀድምና ባለነጥቧ (በነጥቡ በግማሽ የረዘመችው) 1/8 ትከተላለች። ይህ ነጠቅ የሚል አመታት የስትራትስፔ ነፍሱ ነው። 3ኛው ባር ላይ ያው ሐረግ ሲመለስ ግን ሁለት እኩል 1/8 ሆኖ ታትሟል። ሁለቱም አንድ ምት ስለሚሞሉ ፕሮግራሙ ስሕተቱን አይጠቁምም። የኅትመት ቀራጩ ነጥቧን ዘሏት ይሆን ወይስ ሆን ተብሎ ለስልሶ ነው? በኤቢሲ (ኖታን በፊደልና በምልክት በሚጽፈው የኮምፒውተር) አጻጻፍ በሁለቱ ኖታዎች መሃል «<» ማስገባት ቀላል ነው፤ ያለ ማስረጃ ማረም ግን ልባችን አልፈቀደም።

ድግግሞሹ ላይ የነበረው ችግር ተፈቷል፦ ከ1ኛው ባር በፊት የምትመጣው መነሻ ኖታ 1/8 ስለሆነች 8ኛውን ባር በ3 ምት ተኩል ዘጋነው። የቀረን ነጥቡ ነው። የቼሎው መስመር እዚያ ቦታ ላይ ቀጥ ያለ ሩብ ኖታ ብቻ ስለሆነ ፍንጭ አይሰጥም። የቀድሞ ኅትመቶችን ያነጻጸራችሁ፣ እንዲህ ሲገጥም በምን ትወስናላችሁ?