እንግዳው ስንት ሌሊት አደረ? የደሴና አካባቢው የጋራ ዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው የማህበራችን ስብሰባ በቃል የተባባልነውን እዚህ እናስፍር ብለን ተለያይተን ነበር። ለባህልና ቱሪዝም የምናስገባውን የጋራ ሐሳብ እዚሁ እንቅረጸው። ሁላችሁም የመሰላችሁን ጻፉ፣ እኔ እየሰበሰብኩ ረቂቁን አስተካክላለሁ።

ጥያቄው አጭር ነው። ብዙ ተከታይ ያላቸውን ቲክቶከሮችና ዩቲዩበሮች ወደ ደሴ፣ ሐይቅና ኮምቦልቻ እንጋብዝ ወይ? ብንጋብዝስ በምን ስምምነት?

የራሴን ልጀምር። እኔ እንጋብዝ ባይ ነኝ፤ ምክንያቴ ደግሞ መንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ላሊበላ በመኪና የሚሄድ እንግዳ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ማታ እኛ ጋ ይደርሳል። ራቱን በልቶ ይተኛል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሻንጣውን ጭኖ ወደ ወልድያ ይቀጥላል። የጦሳን ተራራ የሚያየው በመኪና መስኮት ነው። የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ እዚሁ ከተማ ውስጥ እንዳለ ማን ነገረው? ሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፣ እሱንም አልፎት ይሄዳል። ይህን ሰው አንድ ሌሊት ብናስጨምረው ለአልጋውም፣ ለባጃጁም፣ ለጀልባውም፣ ለጀበና ቡናዋም ይተርፋል። ሰው ደግሞ ዛሬ የት እንደሚሄድ የሚወስነው ስልኩን እያየ ነው።

የሆቴል ባለቤት፣ ፒያሳ

እኔ አንዴ ስለተቃጠልኩ በግልጽ ልናገር። አምና አንድ ብዙ ተከታይ ያለው ልጅ ደወለልኝ። እሱንና ጓደኞቹን ሁለት ክፍል ሰጥቼ ሦስት ሌሊት በነጻ አስተናገድኩ። ቁርሱ፣ ራቱ፣ የልብስ እጥበቱ ሁሉ በእኔ ነበር። ቪዲዮው ወጣ። ብዙ ሰው አየው፣ እሱ እውነት ነው። ቤት ውስጥ ሁላችንም ደስ አለን።

ከዚያ በኋላ ሪሴፕሽኗን በየሳምንቱ እጠይቃት ነበር። "ቪዲዮውን አይቼ ነው የመጣሁት ያለ ሰው አለ?" በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ሰው ነው የመጣው። አንደኛው ዋጋ ጠይቆ ሄደ። ኮሜንቶቹን ቁጭ ብዬ ሳነብ ነገሩ ገባኝ። ተከታዮቹ ያዩት ልጁን ነው፣ ከተማውን አይደለም። ደሴን የጠየቀ ሰው ጥቂት ነበር። የጠየቀውም "አልጋ ስንት ነው? ከዚያ ወደ ሐይቅ በምን ይኬዳል?" ብሎ መልስ የሚሰጠው አጥቷል።

ስለዚህ መጋበዙን አልቃወምም። ግን ስንት ሰው አየው ብለን መለካት ይብቃን። ስንት ሰው አደረ ብለን እንለካ።

አስጎብኚ፣ ሐይቅ

እትዬ፣ እርስዎ ጋ እንግዳው ሳይመጣ ቀረ። እኛ ጋ ደግሞ የመጣው እንግዳ አዝኖ ተመለሰ።

አንድ ቪዲዮ ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወጥቶ ነበር። ምስሉ በጣም ያምራል። ውኃው፣ ዛፉ፣ ደወሉ ሁሉ አለ። አንድ ነገር ግን ቀርቷል፦ ወደ ገዳሙ ሴት አትገባም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከአዲስ አበባ ሚኒባስ ተከራይተው የመጡ ሴቶች በሩ ላይ ደርሰው ቆሙ። አንዷ እናቷን ይዛ ነው የመጣችው። "ይህን ቢነግሩን ምን ነበረበት?" አለችኝ። ምን ልመልስላት? በጀልባ ወስጄ ገዳሙን ከውኃው ላይ አሳየኋቸው፣ ዓሣ በሉ፣ ትንሽ ቀለል አላቸው። ቀድመው ቢያውቁ ግን ቀኑ ከመጀመሪያውም የደስታ ይሆን ነበር።

ሌላም አለ። ያ ቀራጭ መነኮሳቱ ጸሎት ላይ እያሉ ካሜራውን ፊታቸው ደቅኖ ነበር። ማንንም አልጠየቀም። ከዚያ ወዲህ ስልክ የያዘ ሰው ሲመጣ አባቶች ይጠራጠራሉ፣ እኛም አፍረን ነው የምንገባው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ትልቅ ትምህርት ቤት ያደረጉት ገዳም ነው። የእሳቸው የብራና ወንጌል እስከ ዛሬ የሚነገርለት ነው። ይህን ሳይናገሩ "ዋው፣ ሰዎች፣ ቦታውን እዩት" ብቻ ብሎ መሄድ ያሳዝነኛል።

ሹፌር፣ ኮምቦልቻ

ስለ ወቅትም እናንሳ። ቪዲዮው የሚቀረጸው ነሐሴና መስከረም ላይ ነው። ሁሉ ነገር አረንጓዴ፣ አደይ አበባው ፈክቶ። እንግዳው ግንቦት ላይ ይመጣና "ያ ሜዳ የታለ?" ይለኛል። ቀራጩ መቼ እንደቀረጸው ቪዲዮው ላይ ቢጽፍ ምን ይከብደዋል?

የመንገዱ ነገር ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። 2014 ላይ ያየነውን ሁላችንም እናውቃለን፣ ልድገመው አልፈልግም። ከዚያ ወዲህም መንገድ ቀን በቀን ይለያያል። አንድ ልጅ "መንገዱ ሰላም ነው፣ ኑ" ብሎ የለቀቀው ቪዲዮ ከስድስት ወር በኋላም እየዞረ ነው። ሰው እሱን አምኖ ይነሳል። ስለዚህ ማንም ቀራጭ ስለ መንገድ ደኅንነት በእኛ ስም እንዳይናገር። "ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ" ብሎ የማህበሩን ስልክ ይጻፍ። ጠዋት የሚደውል ሰው ካለ እኔ ራሴ እመልሳለሁ።

ሌላው፣ ኮምቦልቻ የኤርፖርት ስም ብቻ ሆና አትቅር። በአውሮፕላን የመጣ እንግዳ ከእኛ ወርዶ ወዲያው የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ይገባል። ሰኞ ከሆነ ባቲ ገበያ አለ። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው ግመሉን፣ ከብቱን፣ እህሉን ይዞ የሚገናኝበት ገበያ ነው። እሑድ ኮምቦልቻ አድሮ ሰኞ በማለዳ ባቲ ቢደርስ አንድ አዳር ተጨመረ ማለት ነው።

ቪዲዮ ሰሪ

ወንድሜ፣ የባቲ ሐሳብህ በጣም ጥሩ ነው። ቅኝቱንም እንጨምርበት። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ ባቲና አምባሰል ናቸው፤ ሁለቱም የእኛው የአካባቢ ስሞች ናቸው። ባቲን ባቲ ላይ፣ አምባሰልን ከአምባሰል ተራራ ስር በማሲንቆ ሰምቶ መመለስ ሌላ ቦታ አይገኝም። ይህን አንድ ሰው በደንብ ቢሠራው እኔ በግሌ እኮራለሁ።

አሁን ስለ ሙያዬ ልናገር። እትዬ፣ የደረሰብዎት ነገር አሳዝኖኛል፣ ግን የሚገባን ትምህርት አለበት። ቲክቶክ ቪዲዮን ለተከታይ ብቻ አያሳይም። ሰው እስከ መጨረሻው ካየው፣ ካስቀመጠው፣ ለጓደኛው ከላከው ለማያውቁትም ሰዎች ያደርሰዋል። ስለዚህ የተከታይ ብዛት ብቻውን ምንም አይነግረንም። ሚሊዮን ተከታይ ያለው ሰው የሠራው ቪዲዮ በሦስት ቀን ይረሳል። ጥቂት ተከታይ ያላት የሐይቅ ልጅ "ከደሴ ሐይቅ በምን ይኬዳል፣ ጀልባው ስንት ነው፣ ሴት የት ድረስ ትገባለች" ብላ በ1 ደቂቃ ብትናገር፣ ሰው ፈልጎ ያገኘዋል፤ ከዓመት በኋላም ይሠራል። እኔ የምፈልገው ሁለተኛውን ዓይነት ነው።

ስለዚህ በጀቱን ሁሉ ከሩቅ ለሚመጣ ሰው አንስጥ። ከራሳችን ልጆች እንጀምር። ከውጭ የሚጋበዘው ደግሞ ብቻውን አይዙር፣ ከአካባቢው ልጅ ጋር ይሥራ። ድሮን ካስነሳም ፈቃዱን አስቀድሞ ይዞ ይምጣ፣ በኋላ ጣጣው ለእኛ እንዳይተርፍ።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እላለሁ። ነጻ አልጋ የተቀበለ ሰው "ማህበሩ ጋብዞኝ ነው" ብሎ ቪዲዮው ላይ ይናገር። አሜሪካ ውስጥ ይህ ግዴታ ነው፤ በነጻ የተስተናገደ ሰው ለተመልካቹ ማሳወቅ አለበት። ተመልካች ሲነገረው ይበልጥ የሚያምን ይመስለኛል።

ጡረተኛ መምህር

ልጆቼ፣ ሁሉንም አነበብኩ። ደስ ብሎኛል። እኔ ስለ ገደሉ ልናገር።

ኖርዌይ ውስጥ ትሮልቱንጋ የሚባል ከተራራ ጫፍ ወደ አየር የወጣ ድንጋይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ 800 ሰው ነበር በእግሩ የሚወጣው። ፎቶው በስልክ ከተዛመተ በኋላ በ2016 ወደ 80,000 ደረሰ። ብዙው ተራራ ወጥቶ የማያውቅ ነው። የነፍስ አድን ሠራተኞች በየጊዜው እየወጡ ሰው ማውረድ ሥራቸው ሆነ። ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2017 ባለው ጊዜ የዜና ዘገባዎችን ሰብስበው ቆጥረው ነበር። ሰልፊ ሲነሱ የሞቱ 259 ሰዎችን አገኙ። ሰምጦ፣ በመኪናና በባቡር ተገጭቶ፣ ከከፍታ ወድቆ።

አሁን አዝዋ ገደልን አስቡ። ልጆቹ ጫፉ ላይ ቆመው ፎቶ ሲነሱ አይቻለሁ፣ እግሬ ነው የሚንቀጠቀጠው። ጭጋግ ሲወርድ ጫፉ የት እንደሆነ እንኳ አይለይም። አንድ ታዋቂ ሰው ጫፉ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ ቪዲዮ ቢለቅ የከተማው ልጅ ሁሉ ይከተለዋል። በእኛ ግብዣ የመጣ ሰው ይህን እንዳያደርግ በጽሑፍ ይፈርም። ለባለሥልጣኑም መከለያ እንዲሠራ እንጠይቅ።

ኦስትሪያ ውስጥም ሃልሽታት የምትባል ሐይቅ ዳር ያለች መንደር አለች። ነዋሪዋ 800 አይሞላም። በሚበዛበት ቀን እስከ 10,000 ሰው ይገባባታል። እ.ኤ.አ. በ2023 ሰው ፎቶ የሚነሳበትን ቦታ በእንጨት አጥር ጋርደውት ነበር፤ ተቃውሞ ሲበዛ አነሱት። እኛ ገና እንግዳ ናፋቂዎች ነን፣ እዚያ አልደረስንም። ግን የትኛውን ቦታ እንደምናስተዋውቅ ብቻ ሳይሆን የትኛውን እንደማናስተዋውቅም አሁን እንወስን።

ለምሳሌ መስከረም 21 ግሸን የሚወጣውን ሕዝብ ታውቁታላችሁ። ለመውሊድ ጀማ ንጉሥ የሚሄደውንም ታውቁታላችሁ። ሰው ስለቱን ይዞ፣ ዱዓውን ይዞ ነው የሚሄደው። ለእነዚህ ቀናት ማስታወቂያ አያስፈልግም። ሕዝቡ በዝቶ መንገዱ ሲጠብ የሚቸገረው ሽማግሌውና አሮጊቷ ናቸው። በሌላ ጊዜ፣ አባቶችና ሼሆች ፈቅደው ከሆነ ግን ይቀረጽ።

አንድ የቆየ ነገርም ላስታውሳችሁ። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ "የ13 ወር ፀጋ" ብለው አገሪቱን ሲያስተዋውቁ ቃሉ ለአሥርተ ዓመታት ኖረ። የኖረበት ምክንያት እውነት ስለሆነ ይመስለኛል። እንግዳው ሲመጣ 13ኛውን ወር ያገኘዋል።

የሆቴል ባለቤት፣ ፒያሳ

መምህር፣ እግዜር ይስጥልን። እኔ አንድ የሚያሳፍር የማይመስለኝን ነገር ልጨምር፤ ሽንት ቤት። እንግዳ ከሐይቅ ተመልሶ መጀመሪያ የሚነግረኝ ስለ ውኃው ውበት አይደለም። ንጹሕ ሽንት ቤት አጥታ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳትጠጣ የዋለች ሴት አስተናግጃለሁ። ልጅ ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ይህ ሳይስተካከል መቶ ቪዲዮ ብናሠራ መቶ ቅሬታ ነው የምንጋብዘው። ስለዚህ ሐሳባችን ውስጥ ከግብዣው ፊት ይግባ። ማህበሩ ጉልበትና የተወሰነ ገንዘብ ያዋጣ፣ መሬቱንና ውኃውን መንግሥት ይስጥ።

ጸሐፊ

እሺ፣ እስካሁን ያላችሁትን ጨምቄ ረቂቁን እንደገና ጻፍኩት። አንብቡና አርሙ።

"ማህበራችን በዚህ ዓመት መጀመሪያ ሐይቅ ዳር ንጹሕ ሽንት ቤት፣ አዝዋ ገደል ላይ መከለያና የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ እንዲሠራ ከመንግሥት ጋር ለመተባበር ዝግጁ ነው። ይህ ሲጀመር በመጀመሪያ ከደሴ፣ ከሐይቅና ከኮምቦልቻ የተመረጡ ወጣት ቪዲዮ ሰሪዎችን እናሠራለን። ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ከውጭ የሚመጡ እንጋብዛለን። ተጋባዡ ቢያንስ ሦስት ሌሊት ያድራል፣ አንዱን ኮምቦልቻ። የአካባቢ አስጎብኚ አብሮት ይሆናል። የተቀረጸበትን ወር፣ የገዳሙን ሕግ፣ ዋጋውንና የማህበሩን ስልክ ቪዲዮው ላይ ይጽፋል። በማህበሩ ግብዣ እንደመጣ ይናገራል። በገደል ጫፍ አይቀርጽም፣ በጸሎት ላይ ያለ ሰው ሳይፈቅድ አይቀርጽም፣ ስለ መንገድ ደኅንነት ዋስትና አይሰጥም። ውጤቱን የምንለካው በአዳር ነው።"

አስጎብኚ፣ ሐይቅ

ጥሩ ነው። "ዋጋውን" ያልከው ላይ ግን ተጠንቀቅ። ጀልባው ዋጋ ሲጨምር አሮጌው ቪዲዮ ያጣላናል። ከዋጋው ጎን ቀኑ ይጻፍ። ደግሞ ለገዳሙ ስንጽፍ በስልክ አይሆንም። ቅዳሜ ደብዳቤውን ይዤ ራሴ እሄዳለሁ። እምቢ ካሉ እምቢታቸው ይከበር፣ ከውኃው ላይ እንቀርጻለን።

ቪዲዮ ሰሪ

እኔ ደግሞ ኮሜንት የሚመልስ ሰው እንዲኖር ይጨመር እላለሁ። ቪዲዮው በወጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የጠየቀ ሰው መልስ ካላገኘ አይመጣም። የእትዬም እንግዶች የጠፉት እዚያ ነው። ለሁለት ሳምንት እኔ እይዘዋለሁ።

ጸሐፊ

ሁለቱም ገብተዋል። የቀረን የአዳሩ ቆጠራ ነው። እትዬ፣ ደብተሩን ከየትኛው ሆቴል እንጀምር?

የሆቴል ባለቤት፣ ፒያሳ

ከእኔ ይጀመር። ከሰኞ ጀምሮ ሪሴፕሽን ላይ ደብተር አስቀምጣለሁ። ሌሎቹንም ሆቴሎች እኔ አነጋግራለሁ። እንግዳው ቁልፍ ሲቀበል ሁለት ጥያቄ ይጠየቃል፦ ስለ ደሴ ከማን ሰሙ? ስንት ሌሊት ያድራሉ? ቪዲዮው ሳይወጣ ሁለት ወር እንቁጠር፣ ከወጣ በኋላም ሁለት ወር። ያኔ እናወዳድራለን።

ሹፌር፣ ኮምቦልቻ

ሦስተኛ ጥያቄ ጨምሩበት። ከዚህ ወዴት ይሄዳሉ?

ጸሐፊ

ተጨምሯል። ሐሙስ ከሰዓት ረቂቁን አትሜ አመጣለሁ፣ እዚያው እንፈርማለን።