ወደ ሃኖይ እንግሊዝኛ ለማስተማር ከመነሣቴ በፊት ምን ላዘጋጅ? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

የተከበራችሁ ወገኖች፣ አዲስ አበባ ተወልጄ አሜሪካ ያደግሁ፣ የአሜሪካ ዜግነት ያለኝ የ27 ዓመት ሴት ነኝ። በባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ የ120 ሰዓቱን የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ ሥልጠናም (ቴሶል) በቅርቡ ጨርሻለሁ። በቬትናም ዋና ከተማ በሃኖይ የሚገኝ አንድ የቋንቋ ማዕከል በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ አድርጎልኝ ተቀብሎኛል። ሆኖም «በቱሪስት ቪዛ ገብተሽ ሥራ ጀምሪ፤ የሥራ ፈቃዱን እዚህ ሆነን እንጨርስልሻለን» የሚል መልእክት ስለ ላከልኝ ጥርጣሬ አድሮብኛል። ይህ አሠራር ትክክል ነው? የዕለት ኑሮውስ ምን ይመስላል? እናቴ ደግሞ ከሁሉ አስቀድማ የምትጠይቀኝ ዐቢይ ጾምን እዚያ ሆኜ መጾም እችል እንደ ሆነ ነው።

መልስ፦ ሃኖይ ሦስት ዓመት ካስተማረ

እኅቴ፣ አሠራሩ የተለመደ ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። የቱሪስት ቪዛ፣ 90 ቀን የሚያቆየው ኤሌክትሮኒክ ቪዛም ቢሆን፣ ለማስተማር አይፈቅድም። እኔም በ2022 እንዲሁ ተብዬ ሄድሁ። ዲግሪዬን አሜሪካ ሳለሁ ስላላረጋገጥሁት ሰነዱን በፖስታ ወደ ወንድሜ መልሼ አምስት ወር ያህል ጠበቅሁ። በዚያ መካከል ማዕከሉ የሁለት ወር ክፍያዬን ሲያዘገይብኝ፣ ሥራዬ በሕግ የማይታወቅ ስለ ነበር የምከስበትም የምከራከርበትም መሠረት አጣሁ። ያንን ጭንቀት ማንም እንዲደግመው ስለማልፈልግ ዘርዘር አድርጌ እጽፍልሻለሁ።

በእኔ ጊዜ ዲግሪውና የቴሶል ሰርተፊኬቱ በኖታሪ ከጸደቁ በኋላ በስቴቱ ጽሕፈት ቤት፣ ቀጥሎ በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ በመጨረሻም ዋሽንግተን ባለው የቬትናም ኤምባሲ ይረጋገጡ ነበር፤ አንቺ ግን ከመጀመርሽ በፊት የአሁኑን ሥርዓት ከኤምባሲው ጠይቂ። ከኤፍ ቢ አይ የሚወጣው የወንጀል ነጻነት ማስረጃ ከ6 ወር በላይ ከቆየ ዋጋ ስለማይኖረው እርሱን በመጨረሻ አውጪው። የጤና ምርመራው የሚደረገው ቬትናም ውስጥ፣ ለዚሁ በተፈቀደለት ሆስፒታል ነው። የሥራ ፈቃዱ ቢበዛ ለ2 ዓመት ይሰጣል፤ የጊዜያዊ መኖሪያ ካርድ የሚወጣውም በእርሱ ነው። ዋናውን ዲግሪሽን ለማዕከሉ አታስረክቢ፤ የተረጋገጠ ግልባጭ ይበቃቸዋል።

መልስ፦ ሆ ቺ ሚን ከተማ ከምታስተምር

ስለ ዕለቱ ሥራ እኔ ልመልስልሽ። የማዕከል ትምህርት የሚሰጠው ልጆች ከመደበኛ ትምህርት ቤት ከወጡ በኋላ ስለ ሆነ፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ትሠሪያለሽ፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ነው። እሑድ ቅዳሴ ማስቀደስ የለመደ ሰው ይህንን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል። በእኔ ክፍል 16 ልጆችና አንዲት ቬትናማዊት ረዳት መምህርት አሉ፤ በመንግሥት ትምህርት ቤት ግን ከ40 በላይ ልጆች በአንድ ክፍል ሊጠብቁሽ ይችላሉ።

ብዙ የምትደክሚበት የቃላት መጨረሻ ነው። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች «ስኩል»ን «እስኩል» እንደምንለው፣ እነርሱ የመጨረሻውን ድምፅ ስለሚውጡት «ራይስ»ም «ራይት»ም ተመሳስለው ይሰማሉ። እኔ ድምፁን በእጅ ጭብጨባ እንዲጨርሱ በማድረግ ብዙ ለውጥ አይቻለሁ።

ሴት መምህርት «ኮ»፣ ወንድ መምህር «ታይ» ይባላል፤ በመጀመሪያው ቀንም ዕድሜሽን ይጠይቁሻል። ይህ ነውር አይደለም። ጋሼና እትዬ ብለን እንዳደግነው ሁሉ፣ እነርሱም ታላቅና ታናሹን ሳይለዩ የሚጠሩበት ቃል ስለሌላቸው ነው።

አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልንገርሽ። አንዳንድ ማዕከል ፎቶግራፍ አይቶ፣ ወላጆች ነጭ መምህር ይፈልጋሉ ብሎ ጥቁር አመልካችን ይመልሳል። እኔን ሁለት ቦታ እንዲህ አድርገውኛል፤ ያማል። አንቺን ግን ፊትሽን አይተው ስለ ተቀበሉሽ ይህ በር አልፎልሻል። ልጆቹ ፀጉርሽን መንካት ይፈልጋሉ፤ በለሆሳስ ከልክያቸው ወይም ፍቀጂላቸው፣ ክፋት የለበትም። ኖቬምበር 20 ቀን የመምህራን በዓል ስለ ሆነ አበባ ታቅፈው ሲመጡ ታያለሽ።

መልስ፦ ሃኖይ ከምትኖር

የእናትሽን ጥያቄ እኔ ልመልስ፤ ለጾመኛ ከቬትናም የሚሻል አገር ብዙ አላየሁም። በቡድሃ እምነት ምክንያት «ከም ቻይ» የሚል ጽሑፍ የሰቀሉ፣ ሥጋ የማይገባባቸው ምግብ ቤቶች በየሰፈሩ አሉ፤ በጨረቃ ወር በ1ኛውና በ15ኛው ቀን ብዙ ሰው ስለሚጾም ይጨናነቃሉ። «አን ቻይ» ስትዪ እንደምትጾሚ ወዲያው ይገባቸዋል። በሌላው ቤት ግን ቶፉውም አትክልቱም «ኑክ ማም» በሚሉት የዓሣ መረቅ ስለሚሠራ፣ ዓሣ የማትበዪ ከሆነ ተጠንቀቂ፤ እንቁላልና ወተትም እንዳለበት ለይተሽ ጠይቂ።

በ2026 ዐቢይ ጾም ፌብሩዋሪ 16 ቀን ሲገባ የቬትናም አዲስ ዓመት (ቴት) በማግሥቱ ዋለ። የረዳቴ ወላጆች ጋብዘውኝ ነበርና፣ በቅጠል ተጠቅልሎ የሚቀቀለው የበዓል ምግባቸው ውስጡ የአሳማ ሥጋ ስላለው እንዴት እምቢ እላለሁ ብዬ ተጨንቄ ሄድሁ። እናትየው ግን ልጃቸው ነግራቸው ኖሮ፣ ለእኔ ብቻ በክክ የተሠራ ለይተው አስቀምጠውልኝ ነበር። ለእናትሽ ይህን ንገሪያቸው።

የቴት ዕረፍት በሰዓት ለሚከፈለው መምህር ያለ ደመወዝ ሊያልፍ ስለሚችል ቀድመሽ ቆጥቢ። ሃኖይ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ትበርዳለች፣ ቤቶቹ ማሞቂያ የላቸውም፤ በማርች ደግሞ ግድግዳው ውኃ እስኪያልበው ይረጥባል። ጃኬት ያዢ። የ20 ሺህና የ500 ሺህ ዶንግ (የቬትናም ገንዘብ) ኖቶች ሁለቱም ሰማያዊ ስለ ሆኑ ማታ ማታ አይተሽ ክፈዪ።

መልስ፦ ከአንድ አባት

ልጄ፣ ሞተር ብስክሌት እንዳትነጂ። አሜሪካ የሚሰጠው ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ በ1949ኙ ዓለም አቀፍ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት የወጣ ነው፤ ቬትናም የምትቀበለው የ1968ቱን ነው። አደጋ ቢደርስ ፈቃድ እንደሌለው ሰው ስለምትቆጠሪ የጤና መድንሽ ላይከፍልልሽ ይችላል። የእኔ ልጅ እግሯ ተሰብሮ የሆስፒታሉን ወጪ ሁሉ ከዚህ የላክሁላት እኔ ነኝ። ግራብ በሚባለው፣ በስልክ በሚጠራ የሞተርና የመኪና ታክሲ ተጓዢ፤ ከኋላ ስትቀመጪም የራስ ቁር አድርጊ።

ከጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ለማዕከሉ ጽፌ፣ የሥራ ፈቃዱ ማመልከቻ በማን ስም እንደሚገባና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ ጠይቄአለሁ። እስካሁን አልመለሱልኝም።

መልስ፦ ሃኖይ ሦስት ዓመት ካስተማረ

ሳይመልሱልሽ ቲኬት አትቁረጪ። ሲመልሱልሽም ውሉን የሚፈርመው ድርጅትና ፈቃዱን የሚያወጣው ድርጅት አንድ መሆኑን አመሳክሪ፤ ከተለያየ ውሉን እዚህ አምጪውና አብረን እናየዋለን።